ጣና ዳር ሆኖ ሲጋር ለምን ይደርቃል? የእርጥበት ነገር በቀላል አማርኛ

መጋቢት ላይ ነው። አጎቴ ቁም ሳጥናቸውን ከፍተው ከጋቢያቸው ሥር ያኖሩትን የእንጨት ሳጥን አወጡ። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። ሳጥኑን ያመጣላቸው አብሯቸው የተማረና ከብዙ ዓመት በኋላ ሃቫናን ደግሞ ያየ ጓደኛቸው ነው። ክዳኑን አንስተው አንዱን ሲጋር በሁለት ጣት ጫን ሲያደርጉት የላዩ ቅጠል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተሰነጠቀና ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

«ሐይቁ እኮ ደጃችን ነው፤ እንዴት ይደርቃል?» አሉኝ።

«እኔም አልገባኝም ጋሼ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በስጦታ ያመጣውን ሲጋር ለትልቅ ቀን ብለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡ፣ ቀኑ ሲደርስ ገለባ ሆኖ ያገኙት ብዙዎች ናቸው። ክረምት ላይ የከፈቱት ደግሞ ሻግቶ ያገኙታል። ሁለቱም የሚሆኑት በአንድ ምክንያት ነው።

ሲጋርና ሲጋራ አንድ ናቸው?

አይደሉም። በስም ስለሚቀራረቡ ይምታታሉ እንጂ ሲጋራ በወረቀት የተጠቀለለ የተከተፈ ትምባሆ ነው። በእጅ የተሠራ ጥሩ ሲጋር ግን ከዳር እስከ ዳር ቅጠል ብቻ ነው። መሃሉን የሚሞላ ውስጠኛ ቅጠል አለው፤ እሱን ጠፍሮ የሚይዝ ማሰሪያ ቅጠል አለው፤ ከላይ ደግሞ ቀጭን፣ ለስላሳና ወዛም የሆነ ልባስ ይለብሳል። ሦስቱ ውፍረታቸው ስለሚለያይ የሚያብጡትና የሚኮማተሩት እኩል አይደለም። ልባሱ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ትምባሆው ከተቀጠፈ በኋላ ተንጠልጥሎ ይደርቃል፣ ከዚያም ተከምሮ ይብላላል። እርጥብ ድርቆሽ ሲከመር ውስጡ እንደሚግል ሁሉ የትምባሆው ክምርም ከራሱ ይሞቃል፤ በዚያ ሙቀት የቅጠሉ ምሬትና የአሞኒያ ሽታው ይቀንሳል። ተጠቅልሎ ሳጥን ሲገባም ቅጠሉ ፈጽሞ የደረቀ አይደለም። በውስጡ ጥቂት ውሃ አለ፤ ያንንም ውሃ ከአካባቢው አየር ጋር ሌት ተቀን ይሰጣጣል፣ ይቀባበላል።

እንጀራን አስቡ። ክፍት ትሪ ላይ ያደረ እንጀራ ጠርዙ ይደርቃል። ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ የሰነበተ ይሻግታል። መሶብ ሁለቱንም ያዘገያል። ሲጋርም የሚፈልገው መሶብ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ መሶብ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን መጠበቅ ስላለበት በልክ መሠራቱ ነው።

70 በመቶ እርጥበት ሲባል የምን 70 በመቶ ነው?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከአየሩ 70 በመቶው ውሃ ነው ማለት አይደለም። አየር የውሃ ተን መያዝ ይችላል፤ የሚይዘው መጠን ግን በሙቀቱ ይወሰናል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበዛ 17 ግራም ያህል ተን ይይዛል። በ30 ዲግሪ ከሆነ እስከ 30 ግራም ድረስ ይችላል። አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው አየሩ አሁን የያዘው ተን መያዝ ከሚችለው ስንት እጅ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው።

አንድ መኝታ ቤት እንውሰድ። ጠዋት 20 ዲግሪ ነው፤ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 12 ግራም ተን አለ። ከ17 ግራም 12 ግራም 70 በመቶ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ግሎ ክፍሉ 30 ዲግሪ ደረሰ እንበል። ተኑ ያው 12 ግራም ነው፤ ችሎታው ግን 30 ግራም ሆኗል። መለኪያው አሁን 40 በመቶ ይላል። ከክፍሉ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ውሃው ያው ሆኖ እንስራው ሰፋ ማለት ነው።

ቅጠሉ የሚሰማው ይህንን በመቶኛ የተነገረ ቁጥር እንጂ ግራሙን አይደለም። አየሩ 40 በመቶ ሲሆን ከቅጠሉ ውሃ ይስባል፤ 85 በመቶ ሲሆን ቅጠሉ ከአየሩ ይጠጣል። ሲጋር በደህና የሚቀመጠው ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበትና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ባለበት ነው። «ሰባ በሰባ» የሚባል የቆየ መመሪያ የሰማችሁ ከሆነ ሁለተኛው ሰባ በፋራናይት መሆኑን ልብ በሉ፤ በእኛ ልኬት 21 ዲግሪ ነው።

ታዲያ ሐይቁ ምን ይሠራል?

የአጎቴ ጥያቄ መልሱን እዚህ ያገኛል። ጣና ተን ይሰጣል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ተኑን ነፋስ ይበትነዋል፤ ወደ ቤት የገባውም በቀን ሙቀት አንጻራዊ ቁጥሩ ይወርዳል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ ቀንና ሌሊቷ በሙቀት በጣም ይራራቃሉ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ የከሰዓት በኋላው እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ይወርዳል። ዓባይ ድልድይ አጠገብ ቆሞ ከንፈሩ የሚደርቅበት ሰው ይህን ያውቀዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ነገሩ ይገለበጣል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጫማ ይሻግታል፤ የገበታ ጨው እቃው ውስጥ ይረጥብና ይጓጉላል። ይህችን የጨው ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

ሲጋርን አብዝቶ የሚጎዳው እንግዲህ ድርቀቱ ለብቻው ወይም እርጥበቱ ለብቻው አይደለም፤ መመላለሱ ነው። ከደንገል የሚሠራውን የጣና ታንኳ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ዳር ወጥቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር እየላላ ይሄዳል። የሲጋር ልባስ ደግሞ ከደንገል እጅግ የሳሳ ነው። ባሕር ዳር ላይ ያለ ጥንቃቄ የተቀመጠ ሲጋር በየዓመቱ አንድ ጊዜ በትልቁ፣ በየቀኑም በአነስተኛ መጠን፣ ይህን ጉዞ ይጓዛል።

ሳጥኑ ምን ዓይነት ይሁን?

ለሲጋር ማስቀመጫ ተብሎ የሚሠራው ሳጥን ሂውሚዶር ይባላል። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚለበጠው «የስፔን ሴዳር» በሚባል እንጨት ነው። ስሙ አሳሳች ነው። ዛፉ የሚበቅለው በአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች ነው፤ ዝምድናውም ከማሆጋኒ እንጂ ከእውነተኛው ሴዳር አይደለም። እርጥበትን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይመልሳል፣ ሽታውም ከትምባሆ ጋር ይስማማል።

ይህ ስም እዚህ አገር ሰውን ሊያሳስት ይችላል። ለአናጺ «የሴዳር ሳጥን ሥራልኝ» ቢሉት በጥድ ሊሠራው ይችላል፤ ጥድ ሽታው ደስ ይላልና። ነገር ግን ጥድ ሙጫማ ነው፤ ሽታውም ኃይለኛ ስለሆነ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ አይወጣም። ዋንዛ የተሻለ ነው፤ ሽታው አያስቸግርም። ሆኖም ውስጡ ቫርኒሽ መቀባት የለበትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክዳኑ መግጠም አለበት። ክዳኑ ሲዘጋ ወረቀት ጣልቃ አስገብታችሁ ሳቡት፤ ያለ ትግል ከወጣ የመጋቢት አየርም እንደዚያው ያለ ትግል ይገባል። አዲስ የእንጨት ሳጥን ራሱም ውሃ ጠጪ ነው፤ እንጨቱ እርጥበት እስኪጠግብ ሁለት ሳምንት ያህል ባዶውን ከርጥበት ሰጪ ጋር ዘግቶ ማቆየት ይገባል፤ አለዚያ ከሲጋሩ ይጠጣል።

እኔ ግን ባሕር ዳር ላለ ሰው በመጀመሪያ የምመክረው የሚያምረውን ሳጥን አይደለም። የጎማ ማሸጊያ ያለው፣ ክዳኑ በአራቱም ጎን የሚቆለፍ የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ እቃ ይበልጣል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የውጭውን አየር ግን በአስተማማኝ ሁኔታ ይለያል። ሲጋሮቹ የመጡበትን የእንጨት ሳጥን እንዳለ በውስጡ ማስቀመጥ ይቻላል። እቃው በርበሬ ወይም ቅቤ ይዞ የማያውቅ አዲስ ይሁን፤ ታጥቦም ሽታው እስኪጠፋ ለጥቂት ቀናት ክፍቱን ይሰንብት። እስከ አፉ አትሙሉት። በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ደቂቃ ከፍቶ አየሩን መለወጥ በቂ ነው።

የሚቀመጥበት ቦታም ነገር አለው። ከጣሪያ ሥር፣ ከቴሌቪዥን ኋላ፣ የምዕራብ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይሆንም። የቁም ሳጥን የታችኛው ወለል፣ ሙቀቱ ከቀን ሌሊት ብዙ የማይለዋወጥበት ቦታ፣ ይመረጣል።

እርጥበቱን ምን ይሰጠዋል?

እርጥብ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው። ጥጡ መስጠት እንጂ ማቆም አያውቅም፤ በታሸገ እቃ ውስጥ እርጥበቱን ከ90 በመቶ በላይ ያደርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ሻጋታ ነው። የፖም ወይም የብርቱካን ልጣጭ የሚያስገቡም አሉ፤ እሱ ራሱ ይበሰብሳል።

የሚሻለው ሁለት ሥራ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሲጎድል የሚሰጥ፣ ሲበዛ የሚቀበል። ለዚህ ተብሎ የተሠሩ ትናንሽ ጥቅሎች አሉ። በውስጣቸው ውሃና ጨው ነው፤ ሽፋናቸው ተን ያሳልፋል፣ ፈሳሹን ግን አያሳልፍም። ጨው ውሃን ይዞ በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ በላዩ ያለው አየር አንድ የተወሰነ ቁጥር ላይ እስኪደርስ ድረስ ብቻ ይሰጣል። አየሩ ከዚያ ቁጥር በላይ ከሆነ መልሶ ይስባል። የጨው ዓይነት ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል፤ በጥቅሉ ላይ 65፣ 69 ወይም 72 ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ ሙቀት እኔ 65ን እመርጣለሁ፤ ሙቀት ባለበት ከፍተኛ እርጥበት ለሻጋታም ለነፍሳትም ይመቻልና። 60 ግራም የሚመዝን አንድ ጥቅል ለ25 ሲጋር ይበቃል። ጥቅሉ ደርቆ ውስጡ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ጊዜው አልቋል።

እዚህ ከተማ ሱቅ ውስጥ ይህን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሲጋር ለማምጣት ቃል የገባ ዘመድ ጥቅሉንም አብሮ እንዲያመጣ ንገሩት፤ ክብደቱ ከአንድ ሳሙና አይበልጥም። በጥቅሉ ፈንታ ውሃ እየተሞላ እርጥበት የሚሰጥ መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ የቧንቧ ውሃ አይጠቀም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሻጋታም ይጋብዛል። ማዕድን የሌለበት የተነጠረ (ዲስቲልድ) ውሃ ከመድኃኒት ቤት ይፈለግ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው አንዳንዱ አሲድ ያለበት ስለሆነ እሱን አትንኩ።

መለኪያው እውነት ይናገራል?

የእርጥበት መለኪያ ሃይግሮሜትር ይባላል። ከሂውሚዶር ጋር የሚመጡት ባለ ቀስት መለኪያዎች ብዙ ጊዜ ይዋሻሉ፤ አሥር ነጥብ ድረስ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ዲጂታሎቹ ይሻላሉ፣ እነሱንም ግን መፈተን ይገባል። መፈተኛው ወጥ ቤት ውስጥ አለ።

የውሃ ጠርሙስ ክዳን ውሰዱ። የገበታ ጨው ሙሉበት። ውሃ በጠብታ እየጨመራችሁ አማስሉት፤ ጨው መሟሟት የለበትም፣ እንደ እርጥብ አሸዋ መሆን አለበት፤ ላዩ ላይ ውሃ ካቆረ በዝቷል። ክዳኑንና መለኪያውን ሳይነካኩ አንድ ንጹሕ፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ እቃ ውስጥ አስቀምጡና አጥብቃችሁ ዝጉ። እስከ ነገ በዚሁ ሰዓት አትክፈቱት። እርጥብ ጨው በላዩ ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል፤ ስለዚህ መለኪያው 75 ማለት አለበት። የአጎቴ መለኪያ 69 አለ። ስድስት ይጎድለዋል ማለት ነው፤ በትንሽ ወረቀት ላይ «+6» ጽፈን ጀርባው ላይ ለጠፍንበት።

ያቺ በነሐሴ የምትረጥብ የገበታ ጨው ምስጢሯ ይኸው ነው። የቤቱ አየር 75 በመቶ ሲያልፍ ጨው ከአየሩ ውሃ መሳብ ይጀምራል። ጨዋችሁ ሲጓጉል ካያችሁ መለኪያ ባይኖራችሁም ክፍሉ ለሲጋር አደገኛ መሆኑን አወቃችሁ። «ታዲያ ሲጋሩንም በእርጥብ ጨው ብናስቀምጠውስ?» ለሚል ጠያቂ መልሱ አይሆንም ነው፤ 75 ሻጋታ የሚነሣበት ድንበር ነው።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ብናኖረውስ?

አይሆንም። ማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ ግድግዳው ላይ ተኑን እያጠራቀመ አየሩን ያደርቃል፤ የወጥና የቅቤ ሽታም ቅጠሉ ውስጥ ይገባል። በረዶ መሥሪያው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ነቀዝ ነው።

ትምባሆ የራሱ ነቀዝ አለው። ቡናማ፣ ከጤፍ ፍሬ የሚበልጥ ትንሽ ጥንዚዛ ነው። እንቁላሉ በዓይን ሳይታይ ከቅጠሉ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ሙቀቱ ከ22 ወይም ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ የመፈልፈሉ ዕድል ይጨምራል። ባሕር ዳር ላይ የክፍል አየር ማቀዝቀዣ ሳይኖር ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በታች መቆየት ከባድ ነው። ልባሱ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳና ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ገብቷል፤ አንዱ የጎተራውን ሁሉ እንደሚጨርስ እዚህም ያው ነው።

መከላከያው ብርድ ነው። አዲስ የመጡትን ሲጋሮች አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽጉ፤ አንድ ቀን በማቀዝቀዣው፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ቀን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ በረዶ መሥሪያ ውስጥ ይቆዩ፤ ሲወጡም አንድ ቀን እንደገና በማቀዝቀዣው። ከብርድ ወደ ሙቀት በአንዴ ከወጡ ልባሱ ሊፈነዳ ይችላል። በመሃል መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራውን ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ማቆየቱስ ለምን ይጠቅማል?

በትክክለኛው እርጥበት ውስጥ ትምባሆው መብላላቱን በጣም በዝግታ ይቀጥላል። የቀረው አሞኒያ ይወጣል፤ ከተለያየ ማሳ የመጡት ቅጠሎች እርጥበታቸውና ወዛቸው ይዋሐዳል፤ ጉሮሮ የሚይዘው ጥሬነት ይለዝባል። ይህ ሁሉንም አይጠቅምም። ጠንካራ የሆነው በአንድና በሁለት ዓመት ይሻሻላል፤ ለስላሳው ግን በመቆየት ጣዕሙ ይደበዝዛል። ግልጽ ላስቲክ የሚመስለው መጠቅለያው ሴሎፎን ከሆነ ተን ስለሚያሳልፍ ሳይወልቅ መቆየት ይችላል።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። መቆየት ጣዕሙን እንጂ ጉዳቱን አይለውጥም። ሲጋር ጭሱ ወደ ሳንባ ባይሳብ እንኳ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል፤ ኒኮቲኑም ያው ሱስ ያሲዛል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም፤ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች ውስጥም አይጨስም። ልጆች ባሉበት ቤት ሳጥኑ ይቆለፍ።

የደረቀው ይመለሳል?

ያልተሰነጠቀው ይመለሳል፤ ወዙ ያለቀው ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ትልቁ ጠላት መቸኮል ነው። ውሃ መርጨት፣ እርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ልባሱን ከውስጡ ቀድሞ ያሳብጠውና ይቀደዋል። 65 የሚል ጥቅል ይዞ በታሸገ እቃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በየጥቂት ቀኑ የላዩን ወደ ታች ማገላበጥ፣ ከአንድ ወር በላይም መታገሥ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጠጉር ያበቀለ ካለ ወዲያውኑ ተለይቶ ይጣል።

ከአጎቴ 25 ሲጋሮች ሰባቱ ተሰነጣጥቀው ነበር። የቀሩትን 18 መጋቢት ላይ በብርጭቆ እቃ አሸግንላቸው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዱን አውጥተው በሁለት ጣት ጫን አደረጉት፤ ጥቂት ገባ አለና ተመለሰ፣ ድምፅ አልነበረውም። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ባደረ ማግስት ሁለቱን መለኪያዎች አየን። መኝታ ቤቱ ውስጥ ያለው 81 ይላል፤ እቃው ውስጥ ያለው፣ ስድስቱን ስንጨምርበት፣ 66።